ስለ ኪስ ሰንጢ አመራረጥና አያያዝ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከንብረት ክፍል የቀረበ ንግግር)





እኛ የንብረት ክፍል ሰዎች በየዓመቱ በዚህ መድረክ ላይ ቆመን የምናቀርበው ነገር የታወቀ ነው። ስንት ወንበር እንደ ተሰበረ፣ ስንት ሳህን እንደ ጎደለ፣ የድንኳኑ ሸራ የት ጋ እንደ ተቀደደ እናነባለን። እናንተም ታዳምጡና «ታዲያ የጎደለው ሳህን የት ገባ?» ብላችሁ ታፋጥጡናላችሁ። ዘንድሮ ግን ከሪፖርቱ ሌላ ጥቂት ጊዜ እንዲሰጠን ለምነን ተፈቅዶልናል። ልንናገር የመጣነው ስለ ሰንጢ ነው። አዎን፣ ታጥፋ ኪስ ስለምትገባው ስለዚያች ትንሽ ቢላዋ።

«ሰንጢ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ስለዚህ አስቀድመን ምክንያቱን እናስረዳ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከአንድ አባላችን ለቅሶ ቤት ድንኳን ባነሳንበት ቀን የደረሰውን አደጋ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ገመዱ ውሃ ጠጥቷል፤ ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ሊያግዙን ከመጡት ወጣቶች አንዱ «የሚቆርጥ ነገር ስጡኝ» አለን። እኛም ከዕቃ ቤቱ ሣጥን ሰንጢ አውጥተን ሰጠነው። ልጁ ገመዱን ቢገዘግዝ፣ ቢገዘግዝ ሰንጢዋ እምቢ አለች። ቢቸግረው ጫፏን ቋጠሮው ውስጥ ሰክቶ ይፈለቅቅ ጀመር። ድንገት ስለቷ ታጠፈችና የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ያዘችው። ጅማቱ ተቆረጠ። ሐኪም ሰፋለት፤ ቁስሉም ዳነ፤ ጣቱ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። ልጁ ልብስ ሰፊ ነው። መቀስ ለመያዝ ይቸገራል። ይህን የምንናገረው እሱም ወላጆቹም ፈቅደውልን ነው።

የዚያን ቀን ነገር በሰፈር ሲወራ ብዙ መልክ ያዘ። አንዳንዱ «ሲጫወትበት ነው» አለ። አንዳንዱም «ድሮስ ሰንጢ ይዞ ለቅሶ ቤት ምን አስኬደው?» አለ። እውነቱን ዛሬ በፊታችሁ እንናገር። ሰንጢው የልጁ አልነበረም፤ የዕድሩ ነበር። ልጁም አልተጫወተበትም፤ እየሠራልን ነበር። ሰንጢው ስለቱ የዶለዶመ፣ ሞላው የላላ፣ መቆለፊያ የሌለው መሆኑን ደግሞ እኛ እናውቅ ነበር። «ኋላ እናስለዋለን» እያልን ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነው። ጥፋቱ የኛ ነው። ይህንን ለመናገር እስከ ዛሬ መዘግየታችንም ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ ልጁን፣ ወላጆቹንና እናንተን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሰንጢ ይከልከል ወይ?

ከአደጋው ወዲህ ለኮሚቴው የቀረበ ሐሳብ አለ። «ከእንግዲህ በዕድሩ ሥራ ላይ ማንም ሰው ሰንጢ አይያዝ» የሚል ነው። ሐሳቡ ከቅን ልብ እንደመጣ እናምናለን። ነገር ግን ሰንጢው ቢከለከል የሚቆረጠው ነገር አይከለከልም። ገመዱ፣ ሲባጎው፣ የሽንኩርቱ ማዳበሪያ፣ የሻማው ካርቶን ሁሉም እንዳለ ነው።

ሰንጢ በጠፋበት ባለፈው ዓመት ያየነውን እንንገራችሁ። ማዳበሪያ በጥርሱ የሚፈታ አይተናል። በሁለት ጣታቸው ምላጭ ይዘው ሲባጎ የሚቆርጡ እናቶች አይተናል፤ ምላጭ እኮ እጀታ የለውም፤ ቢንሸራተት የሚያርፈው እዚያው ጣት ላይ ነው። ገመድ በተሰበረ ጠርሙስ ሲቆረጥም አይተናል። የጀሪካን ክዳን በትልቁ የሥጋ ቢላዋ ሲፈለቀቅማ ቆመን አይተን ዝም ብለናል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ አንድ ደህና ሰንጢ አይሻልም ትላላችሁ?

«ሰንጢ የጠብ ዕቃ ነው» የሚሉም አሉ። ለጠብ የዋለ ሰንጢ መኖሩን አንክድም። ሆኖም የሰንጢን አሠራር ያየ ሰው ለምን እንደተሠራ ይገባዋል። አንድ ምሳሌ እንስጥ። ልጆቻችን ከውጭ አገር የሚልኩልን ቀይ እጀታና ነጭ መስቀል ያለው የስዊስ ሰንጢ አለ። በስዊዘርላንድ ካርል ኤልዝነር የሚባል ቢላዋ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባኽ በሚባል ቦታ ሥራ ቤት ከፈተ፤ በ1891 ደግሞ ለአገሩ ጦር የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ያ የወታደር ሰንጢ ምን ነበረው? አንድ ስለት፣ አንድ መብሻ፣ አንድ የጣሳ መክፈቻና አንድ ካቻቪቴ። የጣሳ መክፈቻው ምግብ ለመክፈት፣ ካቻቪቴው ጠመንጃውን ፈትቶ ለመጥረግ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ለወታደር የተሠራው እንኳ ለመውጋት አልነበረም። የሚዋጋበትን ሌላ ታጥቋል፤ ሰንጢው ለኑሮው ነው።

የሚቆርጥ ሰንጢና የማይቆርጥ ሰንጢ

ብዙ ቤት ውስጥ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። «ቢላው በጣም አይሳል፤ ልጆቹን ይቆርጣል» ይባላል። እኛም በዚህ አስተሳሰብ ስንኖር ቆይተን ነው ይኸው የተማርነው። የተሳለ ሰንጢ በቀስታ ሲነካ ይቆርጣል። ስለዚህ እጅ ኃይል አይጠቀምም፤ ስለቱም ወደ ታሰበበት ይሄዳል። ዱልዱም ሰንጢ ግን መገፋት፣ መጫን፣ መገዝገዝ ይፈልጋል። በዚያ ኃይል ላይ አንድ ጊዜ ያመለጠ እንደሆነ ማቆሚያ የለውም። ልጃችን የተጎዳው ሰንጢው ስለ ተሳለ አይደለም፤ ስላልተሳለ ነው። ተስሎ ቢሆን ኖሮ ገመዱን ቆርጦ ይጨርስ ነበር እንጂ ጫፉን ለመሰካት አይደርስም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት መቆለፊያ ነው። መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው በእጀታው ጀርባ ያለው ሞላ ብቻ ነው። በስለቱ ወደ ታች ስንቆርጥ ኃይሉ ስለቱን ይበልጥ ወደ መከፈት ይገፋዋል፤ ስለዚህ ችግር የለም። ጫፉን ሰክተን ስንፈለቅቅ ወይም በጀርባው ስንገፋ ግን ኃይሉ ይገለበጣል፤ ሞላውን አሸንፎ ስለቱን ያጥፈዋል። ስለቱ ሲታጠፍ የሚገባው እጀታው ውስጥ ነው፤ እጀታውን የያዙት ደግሞ ጣቶቻችን ናቸው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ምንም ምሥጢር የለውም።

ስንገዛ ምን እንይ?

አንደኛ፣ መጠኑን እንይ። ለዕለት ተዕለት ሥራ ከስድስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ርዝመት ለኪስ አይመችም፤ ያየውንም ሰው ያስደነግጣል። ሰንጢው ሲታጠፍ መዳፋችን ውስጥ መግባት፣ ሲከፈት ደግሞ አራቱም ጣቶች እጀታውን መጨበጥ አለባቸው።

ሁለተኛ፣ መቆለፊያውን እንይ። መቆለፊያው ብዙ ዓይነት ነው። በእጀታው ጀርባ ተጭነን የምናላቅቀው አለ፤ በእጀታው ውስጥ ወደ ጎን የሚገፋ ሳሳ ያለ ብረት ያለውም አለ። ሌላው በቀለበት የሚቆለፈው ነው። በፈረንሳይ አገር በሳቮዋ ክፍል ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ባለ እንጨት እጀታ ኦፒኔል የሚባለው ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1955 የሚዞር ቀለበት ተጨምሮለታል፤ ቀለበቱን ስናዞረው ስለቱ አይታጠፍም። ዓይነቱ የቱም ይሁን የቱ አፈታተኑ አንድ ነው። ሰንጢውን ከፍተን፣ ጣቶቻችንን ከስለቱ መንገድ አርቀን፣ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ላይ ቀስ አድርገን እንጫን። ከታጠፈ ለባለ ሱቁ እንመልስለት። መልኩ የስዊሱን የሚመስል ሁሉ የስዊሱ አይደለም፤ የስዊሱም ቢሆን በብዛት የምናየው ባለ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትሩ ዓይነት ለትልቁ ስለት መቆለፊያ የለውም። ስለዚህ እሱ ለብርቱካንና ለሲባጎ ጥሩ ነው፤ ለድንኳን ሥራ ግን አይሆንም።

ሦስተኛ፣ መገጣጠሚያውን እንይ። ስለቱን ከፍተን በሁለት ጣት ይዘን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እናወዛውዘው። ደህና ሰንጢ አይንቀጠቀጥም። ሲከፈትም «ቀጭ» ብሎ ይቆማል እንጂ እንደ ላላ መስኮት አይዋዥቅም።

አራተኛ፣ ብረቱን እንይ። በስለቱ ላይ «ኢኖክስ» ወይም «ስቴንለስ» የሚል ጽሑፍ ካለ የማይዝግ ብረት ነው ለማለት ነው። ይህ ብረት ክሮሚየም የሚባል ማዕድን የተቀላቀለበት ነው። ለረሳ ሰው ይሻላል፤ እርጥብ ሆኖ ኪስ ውስጥ ቢያድር ቶሎ አይዝግም። ሌላው ተራው የካርቦን ብረት ነው። ይህኛው ለመሳል ቀላል ነው፤ ስለቱም ያማረ ይሆናል። ነገር ግን ሎሚ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠቁረዋል፤ እርጥበት ያዝገዋል። ጠርጎ ለማስቀመጥ ለሚታክት ሰው የካርቦኑን አንመክርም። ለዕድሩም የማይዝገውን መርጠናል፤ ራሳችንን እናውቃለንና።

አንዳንድ አባላት «የአገራችን ሰው የሠራውስ?» ብለው ጠይቀውናል። ደህና ጥያቄ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ያየ ሰው ከአሮጌ ብረት የማይወጣ ዕቃ እንደሌለ ያውቃል። የመኪና ባሌስትራ ብረት በደንብ ከተቀጠቀጠ፣ በእሳት ግሎ ዘይት ውስጥ ከተነከረና እንደገና በለስላሳ እሳት ከተስተካከለ ጥሩ ስለት ይይዛል። ለወጥ ቤታችን የሽንኩርትና የሥጋ ቢላዋ ከዚያው መግዛት አለብን እንላለን። ድሮ ቀጥቃጭ እያልን የናቅነው ሰው ባይኖር ኖሮ በምን እንቆርጥ፣ በምን እናርስ ነበር? ታጣፊውን ሰንጢ በተመለከተ ግን ሞላውና መቆለፊያው በአንድ ልክ መገጣጠም ስላለበት፣ ከየትም ይምጣ ከየት ከላይ የተናገርነውን ፈተና ሳያልፍ አይገዛ።

ስለ አሳሳልና ስለ አያያዝ

ሰንጢ ለመሳል ትልቅ ሙያ አይጠይቅም። አንድ ለስላሳ የመሳያ ድንጋይ፣ ጥቂት ውሃና ትዕግሥት ይበቃል። ዋናው ነገር ስለቱ በድንጋዩ ላይ የሚያዘነብልበት ልክ ነው። ሃያ ዲግሪ ያህል ይሁን ይባላል፤ ዲግሪ በዓይን መለካት ለሚቸግረን ግን ቀላል ዘዴ አለ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ስለት ድንጋዩ ላይ አጋድመን ጀርባውን የአንድ እርሳስ ውፍረት ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ስለቱ ጠበብ ያለ እንደሆነ ከፍታውም በዚያው ልክ ይቀንስ። ያንን ከፍታ ሳንለቅ በአንድ ወገን ጥቂት ጊዜ፣ በሌላው ወገንም እንዲሁ ጥቂት ጊዜ እንገፋዋለን። ሲያበቃ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተትን እናለሰልሰዋለን። መሳሉን የምንፈትነው በጣታችን አይደለም፤ በወረቀት ነው። አንድ የጋዜጣ ወረቀት በእጃችን አንጠልጥለን ሳይቦጫጨር ከቆረጠው ደህና ተስሏል።

በኤሌክትሪክ በሚዞር ድንጋይ የሚያስሉ አባላት አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ድንጋዩ በፍጥነት ሲዞር ስለቱን ያግለዋል። ጠርዙ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ሙቀቱ ሦስት መቶ ዲግሪ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል። ከዚያ በኋላ ቢሳልም ቶሎ ይዶለዱማል። ስለዚህ በየጊዜው ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚስል ሰው ምረጡ።

ከሥራ በኋላ ሰንጢው ይጠረግ፤ ይድረቅ። መታጠፊያው ላይ በወር አንድ ጊዜ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። የወጥ ዘይት አታድርጉ፤ ሲቆይ ይሙለጨለጭና አቧራ ሰብስቦ ሞላውን ያጣብቀዋል።

በድንኳን ሥራ ላይ

እዚህ ላይ ወጣቶቻችን በጥንቃቄ እንዲያዳምጡን እንለምናለን።

በካስማና በምሰሶ መካከል የተወጠረ ገመድ ፈጽሞ አይቆረጥ። የተወጠረ ገመድ ሲቆረጥ እንደ ጅራፍ ይመለሳል፤ ምሰሶውም ወደ ሌላው ወገን ይወድቃል፤ ከሥሩ ደግሞ ሐዘንተኛ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ምሰሶውን ሁለት ሰው ይያዝ፤ ገመዱ ይላላ፤ ከዚያ ይፈታ። እምቢ ካለ ብቻ ይቆረጥ።

ውሃ ጠጥቶ የጠነከረ ቋጠሮ በሰንጢ ጫፍ አይፈለቀቅም። በእንጨት ዙሪያውን ደብደብ ደብደብ ተደርጎ በወፍራም ምስማር ወይም በወስፌ ይፈታል። ለዚህ ሥራ የሚሆን ትልቅ ምስማር ከሣጥኑ ጋር በሲባጎ አስረናል።

ስንቆርጥ ስለቱ ከሰውነታችን ወደ ውጭ ይሂድ፤ ሌላውም ሰው በፊት ለፊት አይቁም። ገመዱን በጭን ላይ አድርጎ መቁረጥ ክልክል ነው፤ በጭን ውስጥ ያለው ደም ሥር ትልቅ ነው። የናይለን ገመድ ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ በክብሪት ይለብለብ፤ አለበለዚያ እየተተረተረ ያልቃል።

ሰንጢ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ታጥፎ ይሰጥ። ተከፍቶ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍ። ሰው እየጠራችሁ፣ እየዞራችሁ፣ እየተራመዳችሁ ክፍት ሰንጢ አትያዙ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው የተቆረጠ እንደሆነስ? ይህንንም ከኛ ስሕተት ተማሩ። በዚያን ቀን የልጁን ጣት ስናይ ደንግጠን የተፈጨ ቡና ነሰነስንበት። ደሙን ለማቆም አስበን ነው። ሐኪሙ ግን ቁስሉን ለማጽዳት ብዙ ደከመ፤ ተቆጣንም። የሚያስፈልገው ንጹሕ ጨርቅ ነው። ጨርቁን ቁስሉ ላይ ጫን አድርጎ፣ እጁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ሳይገልጡ አሥር ደቂቃ መያዝ ነው። ጣቱ አልታጠፍ ካለ፣ ወይም ጫፉ ከደነዘዘ ደሙ ቢቆምም በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠየቅ።

በኪስ መያዝን በተመለከተ

ሰንጢ የምንይዝ አባላት ሁሌም በአንድ ኪስ እንያዘው፤ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አይቀላቀል። እናቶችና እኅቶች በቦርሳ ሲይዙ በትንሽ ከረጢት ይሁን፤ ሕፃን ልጅ ቦርሳ ሲበረብር እንዳያገኘው። ለልጆች ሰንጢ የሚሰጠው ቁጭ ብለው፣ ታላቅ ሰው አጠገባቸው ሆኖ፣ አንድ ሥራ ተሰጥቷቸው ሲሆን ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ከልክለን ከምናሳድጋቸው አስተምረን ብናሳድጋቸው ይሻላል፤ የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይማራልና።

ቁጣ ባለበት ቦታ ሰንጢ አይከፈት። ብርቱካን ለመላጥም ቢሆን አይከፈት። መጠጥ ባለበትም እንዲሁ። ሰው የሚያየው ልባችንን አይደለም፤ እጃችንን ነው። «ለመከላከያ ነው የያዝኩት» የሚል ሰው ካለ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰንጢ ቤቱ ትቶት ይምጣ። ለመከላከያ ብሎ የያዘ ሰው የሚከላከለው ነገር መፈለጉ አይቀርም።

ፍተሻ ባለበት ቦታ፣ ባንክም ይሁን ስታዲየም ወይም የበዓል ሥርዓት፣ ከቤት ስንወጣ ሰንጢውን ትተን እንሂድ። ረስተን ከያዝን ሳንጠየቅ አውጥተን እናስረክብ። ጥበቃው ሥራውን ነው የሚሠራው፤ ክርክር አያስፈልግም።

ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ እናቶችና አባቶችም አለን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ከደረሰው የአውሮፕላን ጥቃት ወዲህ ሰንጢ ይዞ ወደ አውሮፕላን መግባት ክልክል ነው። ጭነት በሚሆነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት፤ በእጅ ቦርሳ ከተገኘ ይወሰዳል። የየአገሩ ሕግም ይለያያል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሕግ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚፈቅደው የሚቆርጠው ጠርዝ ከሦስት ኢንች፣ ማለት ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠውን፣ የሚታጠፈውንና መቆለፊያ የሌለውን ሰንጢ ነው። እንግዲህ እኛ እዚህ «መቆለፊያ ይኑረው» ብለን የመከርናችሁ ሰንጢ ለንደን ላይ ያስጠይቃችኋል ማለት ነው። ኋላ «የንብረት ክፍል ነው የመከረን» እንዳትሉን!

የምናቀርበው ሐሳብ

የተከበራችሁ አባላት፤

ነገራችንን እናጠቃልል። ሰንጢ መከልከል የለበትም እንላለን፤ ባለቤት ሊኖረው ይገባል። ዕድሩን የጎዳው ሰንጢ መኖሩ አልነበረም፤ የሁሉም ሆኖ የማንም አለመሆኑ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛ ግን ጌጡን ተካፍለን ሸክሙን ማንም ሳያነሳው ቀረ። ስለዚህ የሚከተለውን እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን።

1ኛ/ ለዕድሩ መቆለፊያ ያላቸው፣ የማይዝጉ ሦስት ሰንጢዎች ይገዙ። ሁለቱ ለድንኳን፣ አንዱ ለወጥ ቤት። ሣር ላይ ሲወድቁ እንዲታዩ ቀይ ገመድ ይታሰርባቸው።

2ኛ/ ሲወጡና ሲገቡ በመዝገብ ይፈረምባቸው። ሲመለሱ ተጠርገው፣ ታጥፈው ይሁን።

3ኛ/ በየሦስት ወሩ ይሳሉ፤ መቆለፊያቸውም ይፈተን። የላላ ሰንጢ በዚያው ቀን ከሥራ ይውጣ። «ኋላ» የሚባል ነገር አይኑር።

4ኛ/ ንጹሕ ጨርቅና ፋሻ ያለው ትንሽ ሣጥን ከድንኳኑ ጋር አብሮ ይጓዝ።

አሮጌዋን ሰንጢ ምን እንዳደረግናት የጠየቁን አባላት አሉ። አልጣልናትም። ስለቷ በመዶሻ ተሰብሮ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ተሰቅላለች። ሣጥኑን ለመክፈት የሚመጣ ሁሉ ያያታል፤ እኛም በየቀኑ እናያታለን።

በመጨረሻም ስለ ልጃችን። ባለፈው ወር እነዚህን ሐሳቦች ስናዘጋጅ ወደ ቤቱ ሄደን አማከርነው። ከዕድሩ ሥራ ቀርቶ ነበር፤ እኛም እንዲመጣ ለመጠየቅ አፍረን ነበር። «የሰንጢውን መዝገብ ማን ይይዘዋል?» ብሎ ጠየቀን። «ገና አልተወሰነም» አልነው። «እንግዲያው እኔ ልያዘው፤ እኔ ያልፈተንኩት አይወጣም» አለን። ዛሬ እዚህ መካከላችሁ ተቀምጧል። ሐሳቡን ካጸደቃችሁ ሰንጢዎቹን የሚረከበውም የሚያስረክበውም እሱ ነው። የሚያወጣው ሰንጢ እንደሚቆርጥና እንደማይታጠፍ እኛ ዋስ ነን።

ፈጣሪ ለቅሶውን ያርቅልን፤ ሲመጣም አብረን የምናነሳው ያድርገን።



የዕድሩ ንብረት ክፍል